አንድ እንቁላል ሲባዛ በ24

ግንቦት 14፣ ባሕር ዳር

የምርምር ድጋፍ ማመልከቻውን ከላክን ሁለተኛ ቀናችን ነው። የማስገቢያው ሰዓት በግሪንዊች አቆጣጠር ለእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነበር፤ በእኛ ለሌሊቱ 9 ሰዓት አንድ ደቂቃ ሲቀረው ማለት ነው። እኛ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ላክነው። ባልደረባዬ ወደ ቤቱ ሄደ፤ እኔ ግን የጻፍነውን እያነበብሁ ነጋብኝ።

ድጋፉ፣ ፌሎውሺፕ የሚሉት፣ በጥንድ ነው የሚያመለክቱበት፤ አንዱ ከጤናው፣ ሌላው ከምህንድስናው፣ ከጀርባ ደግሞ የሚያማክር የውጭ ላብራቶሪ። እኔ የላብራቶሪ ሰው ነኝ፤ እሱ ፖሊ ግቢ ያስተምራል። ሐሳባችን በእጃችን ባለው ማይክሮስኮፕ ላይ የስልክ ካሜራ ገጥመን የቢልሃርዚያን ትል እንቁላል ከሰገራ ለይቶ የሚቆጥር ፕሮግራም መሥራት ነው። ሲነገር ቀላል ይመስላል። ባልደረባዬም መጀመሪያ "ቆጠራ እኮ ነው፣ ይህ ምን ያስቸግራል?" ብሎኝ ነበር። እኔም ላብራቶሪ ወስጄ አጠገቤ አስቀመጥሁት።

ካቶ ካትዝ የምንለው የሰገራ ምርመራ አሠራር ነው። ሰገራው በወንፊት ተጭኖ ይጠለላል። የተጠለለው በቀዳዳ ፕላስቲክ ተለክቶ ስላይድ ላይ ያርፋል፤ ያቺ ቀዳዳ የምትይዘው 41.7 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። በላዩ ግሊሰሪንና ማላካይት ግሪን የሚባል ቀለም የጠጣ ሴሎፌን ይደረግና ስላይዱ ተገልብጦ በጣት ይጫናል። ቆይቶ ሰገራው እየጠራ ሲሄድ እንቁላሉ ብቅ ይላል፤ ሞላላ ነው፣ በጎኑ አንዲት እሾህ አለችው። ባልደረባዬ ያቺን እሾህ ራሱ ፈልጎ ሲያገኛት ከወንበሩ ብድግ አለ።

ከዚያ ሒሳቡን አሳየሁት። የተቆጠረው በ24 ይባዛል፤ በአንድ ግራም ሰገራ ውስጥ ያለው እንዲታወቅ። 4 እንቁላል 96 ይሆናል፤ ሕመሙ ቀላል ነው ይባላል። 5 እንቁላል 120 ነው፤ ከ100 ስላለፈ መካከለኛ ይባላል። 17 ሲደርስ 400ን ያልፍና ከባድ ይሆናል። የደከመ ዓይን አንዲት እንቁላል ሲስት ልጁ መዝገብ ላይ ቦታ ይቀይራል። ስላይዱ ላይ የነበረችው እሷ ብቻ ከሆነች ደግሞ "የለበትም" ተብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አብረውኝ የሚሠሩ አንጋፋ ቴክኒሽያን አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የተማሪ ናሙና በብዛት በሚመጣበት ሰሞን ከጠዋት እስከ ማታ አጎንብሰው ነው የሚውሉ። አንድ ቀን አንገታቸውን እያሹ "ልጄ፣ ከሰዓት የማነበውን የጠዋቱን ያህል አላምነውም" አሉኝ። በሥራው ይህን ያህል ዘመን የቆየ ሰው እንዲህ ብሎ መናገሩ ልቤን ነካው። ማመልከቻው ላይ ችግሩን ስንገልጽ መነሻ ያደረግነው ይህንኑ ቃላቸውን ነው።

ሐይቁ ዳር የሄድነው በማግሥቱ ረፋድ ላይ ነበር። እናቶች ልብስ ያጥባሉ፣ ልጆች ይዋኛሉ፣ ሁለት ጎረምሶች ውኃ የጠጣ የደንገል ታንኳ እንዲደርቅ ወደ ዳር ይጎትታሉ፤ ሁሉም እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ነው። ተውሳኩ ውኃው ውስጥ ካለው ቀንድ አውጣ ወጥቶ የሰው ቆዳ የሚፈልገው በብርሃን ነው፤ በብዛት የሚለቀቀውም ወደ ቀትር ገደማ። ፀሐይ ከረር ሲል፣ ልጅ ሁሉ ውኃ ሲያምረው። ባልደረባዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና "እንግዲህ አትግቡ ማለት አይቻልም" አለ።

አይቻልም። ይህን ከእናቴ ነው የሰማሁት። ታናሽ ወንድሜ ልጅ ሳለ ሆዱ ተነፍቶ ሰገራው ደም ሲቀላቅል ብዙ ጊዜ ለሌላ በሽታ መድኃኒት ተሰጠው። በኋላ ቢልሃርዚያ መሆኑ ታውቆ ፕራዚኳንቴል ዋጠና ዳነ። መድኃኒቱ በአንድ ኪሎ 40 ሚሊ ግራም ተሰልቶ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ነው፤ የጎለመሰውን ትል ይገድላል፣ ገና ያላደገውን ግን ብዙም አይነካውም፣ ዳግም ከመያዝም አያድንም። ወንድሜ በሳምንቱ ሐይቁ ውስጥ ነበር። የተቆጣውን ባለሙያ እናቴ "ውኃው ደጃችን ነው፤ ልጄ የት ይሂድ?" አለችው። ማመልከቻው "ይህን ጥናት ለምን መረጡ?" ብሎ ሲጠይቅ መጀመሪያ የጻፍሁት ከመጽሐፍ የተቀዳ ዓይነት ነበር። ባልደረባዬ አንብቦ "ይህ አንቺ አይደለሽም" አለኝ። አጥፍቼ የእናቴን ጥያቄ ጻፍሁ።

ብዙ ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ቦታ ነው፤ "በትብብሩ ውስጥ የእያንዳንዱ ወገን ድርሻ" የሚለው። ከውጭ አማካሪያችን በመጣው ረቂቅ የእኛ ድርሻ ናሙና መሰብሰብና መላክ ነበር። ምርመራው እዚያ፣ ትንተናው እዚያ። ሰውየው ክፋት የለበትም፤ የለመደው እንዲህ ስለሆነ ነው። እኔም እኮ ለምጄዋለሁ። ከዓመታት በፊት በሌላ ፕሮጀክት ናሙና ሰብስበን በበረዶ ሣጥን ሸኝተናል። መልሱ አልመጣም። ከልጇ ናሙና የሰጠች አንዲት እናት ገበያ ባገኘችኝ ቁጥር "እህቴ፣ የልጄ ምን ተባለ?" ትለኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። ከዚያ በኋላ መጠየቋን ተወች፤ እኔን ያመመኝ መተዋ ነው።

እንደዚህ በተከፋሁ ቁጥር ዶክተር አክሊሉ ለማ ይታወሱኛል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ከዚያ የተነሣ ምርምር ነው እ.ኤ.አ. በ1989 ለእሳቸውና ለዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያስገኘው። ጥያቄው የተወለደው ወንዙ ዳር ነው፤ አጣቢዎቹ ባሉበት፣ አገሩን በሚያውቅ ሰው ዓይን። የእኛስ ጥያቄ ለምን በሣጥን ታሽጎ ይሄዳል?

ለአማካሪው ረዥም ኢሜይል ጻፍሁ። ስላይዶቹ ባሕር ዳር ይቀራሉ፤ ንባቡም ፕሮግራሙን ማሠልጠኑም እዚሁ ይሆናል፤ የሚሄደው ምስሉ ነው፤ ውጤቱ ለየቤተሰቡ ይነገራል፤ የሚነግሩበትም ቀን በሥራ ዕቅዱ ውስጥ ይገባል። ልኬው ለሁለት ቀን መልስ ጠበቅሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት "ልክ ነሽ፤ የመጀመሪያውን ዓላማ እንደገና እንጻፈው" የሚል መጣ። ባልደረባዬን ደውዬ ቀሰቀስሁት።

በጀቱ ላይ አንድ መስመር ጨመርን፤ የጋሼ። የማመልከቻው ሠንጠረዥ የዋና ባለሙያዎችን ዲግሪ ይጠይቃል፤ እሳቸው ያላቸው ዲፕሎማ ነው። ፕሮግራሙ ትክክል መቁጠሩ የሚለካው በእሳቸው ንባብ ስለሆነ እንደ ዋና ባለሙያ አስገባናቸው፤ በሚወጣው ጽሑፍም ስማቸው ከደራሲዎቹ ጋር እንደሚሆን ጻፍን። ይህ ነጥብ ያስቀንሰን ይሆን ብለን ተጨነቅን። ግን አላወጣነውም።

ዛሬ ጠዋት ያቺን ገጽ አትሜ ወሰድሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው እንደቆሙ አነበቧት።

"ስላይዶቹ እዚሁ ይቀራሉ ነው የሚለው?"

"አዎ ጋሼ፣ እዚሁ።"

ወረቀቱን አጥፈው በጋውናቸው ኪስ ከተቱና የጀመሩትን ስላይድ ሊጨርሱ ተቀመጡ።