ከሲጋራ ወደ ቬፕ በለንደን፦ የባለሱቁን ምክር ትታችሁ ሒሳቡን ሥሩ

እንግሊዝ አገር ከጁላይ 1 ቀን 2007 ጀምሮ ጣሪያና ግድግዳ ባለው የሥራና የሕዝብ ቦታ ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው። ሕጉ የሚመለከተው የሚጤስ ነገርን ስለሆነ ቬፕን፣ ማለትም ፈሳሽ አሙቆ የሚያተነውን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ አይነካም። ይህን ይዞ ቢሮ ውስጥ መሳብ ግን ሞኝነት ነው፤ አሠሪው፣ መጠጥ ቤቱ፣ ሆቴሉ በራሱ ደንብ መከልከል ይችላል፤ የለንደን አውቶቡስና የምድር ውስጥ ባቡርም ከልክለዋል። ትነቱም ቢሆን የጭስ ማንቂያ ደወል ሊያስጮህ ይችላል።

የእኔ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ቬፕ የምንጠቀመውን ከአጫሾቹ ጋር አንድ መጠለያ ውስጥ አጎረን። ሲጋራ ለመተው የሚታገል ሰው ሀራራውን ጭስ መሃል ቆሞ እንዲቆርጥ! የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት በ2016 ባወጣው ምክር ሁለቱን አንድ ቦታ አታስቀምጡ ብሎ ነበር፤ ኃላፊው አላነበበውም፣ ሲነገረውም አልሰማም። እናንተ የደንቡን ጽሑፍ ጠይቁ፣ የተለየ ቦታ እንዲሰጣችሁም በጽሑፍ አመልክቱ። በቃል የተጠየቀ ነገር በቃል ይረሳል።

መሣሪያውን መግዛት፣ ቻርጅ ማድረግ፣ ፈሳሽ መሙላት ቀላል ነው። ተጠቅመው የሚጥሉት ዓይነት ከጁን 1 ቀን 2025 ጀምሮ መሸጥ ስለተከለከለ የሚሞላ ፖድ (ፈሳሹ የሚቀመጥበት ማጠራቀሚያ ያለው ትንሽ መሣሪያ) ያዙ።

ነገሩ የሚበላሸው ኮይሉን (ፈሳሹን የሚያሞቀውን ጥጥ ያለበት የሽቦ ጥቅል)፣ ፈሳሹንና የኒኮቲኑን መጠን ማጣመሩ ላይ ነው። ባለሱቁ በቀን አንድ ፓኮ እንደማጨስ እየሰማ 0.2 ኦም (የኮይሉ የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ኮይል ያለው ትልቅ መሣሪያና በሚሊ ሊትር 3 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ያለው ፈሳሽ ሸጠልኝ። «ዝቅ ካለው ጀምር» አለ። ክፍሉን የሚሞላ ደመና ይወጣል፣ ሀራራው ግን ንቅንቅ አይልም። ማታ ላይ ሰው ተመልሶ ፓኮ የሚገዛው በዚህ ነው፤ ከዚያ «ቬፕ አይሠራም» ይላል።

0.2 ኦም ኮይል 60 ዋት አካባቢ የሚጠይቅ፣ ትነቱ በቀጥታ ወደ ሳንባ የሚሳብበት ነው። አጫሽ የለመደው ደግሞ ጭሱን አፍ ውስጥ ሰብስቦ ከዚያ ማውረድ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ከ0.8 እስከ 1.2 ኦም ኮይል፣ ከ10 እስከ 16 ዋት፣ ግማሽ ግሊሰሪን (ወፍራሙ) ግማሽ ፕሮፒሊን ግላይኮል (ቀጭኑ) የሆነ ፈሳሽ ይስማማዋል። ኒኮቲኑ ሕጉ የሚፈቅደው ጣሪያ፣ 20 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ይሁን፤ ሶልት (የኒኮቲን ጨው) የሚባለውን ዓይነት ምረጡ፣ በዚህ መጠን ጉሮሮ አይቧጭርም። በተቃራኒው 20ውን በ0.2 ኮይል ብትስቡት ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል።

ሕጉ ኒኮቲን ያለውን ፈሳሽ ከ10 ሚሊ ሊትር በላይ በሆነ ጠርሙስ እንዲሸጥ አይፈቅድም። ስለዚህ ትልቁ ጠርሙስ ያለ ኒኮቲን ይመጣና አንድ ትንሽ ጠርሙስ ኒኮቲን ይጨመርበታል። 50 ሚሊ ሊትር ላይ 18 ሚሊ ግራም ጥንካሬ ያለው 10 ሚሊ ሊትር ሲጨመር 180 ሚሊ ግራም ለ60 ይካፈላል፣ 3 ይሆናል። ለከባድ አጫሽ በትንሽ ፖድ ይህ ውሃ ነው። ርካሽነቱ አያታልላችሁ።

አዲስ ኮይል ስትገጥሙ ጎኑ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ነጩን ጥጥ ታያላችሁ። ሁለት ሦስት ጠብታ አንጠባጥቡበት፣ ፖዱን ሙሉ፣ 10 ደቂቃ አቁሙት፣ ከዝቅተኛው ዋት ጀምሩ። ጥጡ ሳይርስ ከተሳበ ያርራል፤ ያ የማረር ጣዕም በምንም አይለቅም፣ ኮይሉን መጣል ብቻ ነው። 70 በመቶ ግሊሰሪን ያለው ወፍራም ፈሳሽም በትንሽ ኮይል ቀዳዳ ቶሎ ስለማይገባ እንዲሁ ያሳርራል። ቀጭኑ በትልቁ ኮይል ውስጥ ደግሞ ያፈሳል። በጣም ጣፋጭ ፈሳሽ ጥጡ ላይ ጥቁር ቅርፊት ያበጃል፣ ኮይሉም ዕድሜ አይኖረውም። መሣሪያው ሲንቦጫረቅ አፍ የሚገባውን ጫፍ በሶፍት ይዛችሁ አራግፉት። አሳሳቡ ከሦስት እስከ አራት ሰከንድ ዝግ ያለ ይሁን፤ እንደ ሲጋራ ጎተት ጎተት ካደረጋችሁት ፈሳሽ አፋችሁ ውስጥ ይገባል።

የሲጋራ ማቆሚያ አገልግሎቶች ቀን ቁረጡና በዚያው ቀን አቁሙ ይላሉ። እኔ መሣሪያው ሳይስማማችሁ ቀን አትቁረጡ እላለሁ። ከተስማማ በኋላ ግን ሲጋራውን ጨርሶ መተው ነው፤ ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ወጪን ያበዛል እንጂ ሳንባን አያሳርፍም። የኒኮቲኑን ጥንካሬ ለመቀነስም አትቸኩሉ፤ ከ20 ወደ 10 ሲወርድ ሰው ሳያውቀው አብዝቶ ይስባል። መጀመሪያ የምትስቡበትን ጊዜ ቀንሱ፦ አልጋ ላይ አይሆንም፣ ስልክ እያያችሁ አይሆንም። ሲጋራ ያልቃል፣ ፖድ ግን ማለቂያ ስለሌለው እጅ አይለቀውም። ማጨስ የማያውቅ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይንካው።

አገር ቤት ለምትሄዱ፦ የኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማስገባትም መሸጥም ይከለክላል። ከሕዝብና ከሥራ ቦታ በርና መስኮት 10 ሜትር ውስጥ ማጨስም ክልክል ነው። «ለራሴ ነው» እያሉ ቦሌ ላይ ከመከራከር መሣሪያውን ለንደን ትታችሁ የኒኮቲን ማስቲካ ያዙ። ከእንቅልፍ በተነሣችሁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የምታጨሱ ከነበራችሁ ባለ 4 ሚሊ ግራሙን፣ ካልሆነ ባለ 2ቱን። እንደ ተራ ማስቲካ አይታኘክም፤ ቃጠል ሲያደርግ ጉንጭና ድድ መሃል ታቆሙታላችሁ፣ ሲጠፋ እንደገና ታኝካላችሁ። ምራቁን ቶሎ ቶሎ ከዋጣችሁት ስቅታና ቃር ያመጣል። ከቡና በኋላም 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ ቡና አፍ ውስጥ ኒኮቲኑ እንዳይሰርግ ያደርጋል፤ ሦስት ስኒ በሚቀዳበት ቤት ማስቲካውን ከአቦሉ በፊት ጨርሱት።