ሽቶለን ለገና

በጀርመን ፋይንኮስት የሚባሉት የምርጥ ምግብ ሱቆች፣ እንደ ሙኒኩ ዳልማየርና እንደ በርሊኑ ካዴቬ 6ኛ ፎቅ ያሉት፣ ሽቶለን የሚደረድሩት ልክ በእኛ የነቢያት ጾም ነው። ስኳር የለበሰ፣ ዘቢብ የታጨቀበት የገና ዳቦ፤ ቅቤ በቅቤ የሆነ የፍስክ ምግብ። የሚገርመው ድሮ የጾም ዳቦ ነበር። ያኔ የካቶሊኮቹ የገና ጾም ቅቤ ስለሚከለክል በዘይት ይጋገር ነበር፤ የሳክሶኒ መሳፍንት ቢለምኑ በ1491 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 8ኛ ቅቤውን ፈቀዱ።

ዛሬ በሳክሶኒዋ ከተማ በድሬስደን የሚሠራው ሽቶለን ለ100 ኪሎ ዱቄት ቢያንስ 50 ኪሎ ቅቤ፣ 65 ኪሎ ዘቢብ፣ 20 ኪሎ በስኳር የተዘፈዘፈ የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭ፣ 15 ኪሎ አልሞንድ ይገባበታል። ማርጋሪን ክልክል ነው። «ቡተርሽቶለን» (የቅቤ ሽቶለን) የተባለው 40 ኪሎ ቅቤ ይበቃዋል። ተራው ሽቶለን 30፣ እሱም ማርጋሪን ሊሆን ይችላል፤ የቆርቆሮ ሣጥኑ ቢያምርም ገንዘብ አይጣልበት። የድሬስደኑን ቁጥር ባለው ወርቃማ ማኅተሙ መለየት ይቻላል።

ዘቢቡ ብዙ ጊዜ ሩም ውስጥ ያድራል። ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ደረቅ ዘቢብ የሊጡን እርጥበት ይመጥና ዳቦው ይደርቃል። አልኮል የማይነካ ሰው ሻጩን ይጠይቅ። ቅርፊቱ ላይ የጠቆረ ዘቢብ ከታየ ተቃጥሏል፣ ይመራል፤ ጠንቃቃ ጋጋሪ ከመጋገሩ በፊት ከላይ የወጣውን ይለቅመዋል። ስኳሩ ረጥቦ ቢጫ ካለ ሙቀት ቦታ ቆይቷል ማለት ነው።

ሽቶለን ትኩስ አይበላም። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሲያርፍ የፍሬው እርጥበትና የቅቤው ሽታ ሊጡ ውስጥ ይሰርጋል። እንዲያውም በእኔ ግምት ከፈረንጆቹ ይልቅ ለእኛ ይመቻል፦ በታኅሣሥ መጀመሪያ የተገዛው ለታኅሣሥ 29 በደንብ ይደርሳል። እንደተጠቀለለ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ስኳሩ ይቀልጣል፤ ማሞቂያ አጠገብ ቅቤው ይበላሻል። ሲቆረጥም ከጫፍ አይጀመርም። ከመሐል ተቆርጦ፣ የሚፈለገው ተወስዶ፣ ሁለቱ ግማሾች ፊት ለፊት ገጥመው ይጠቀለሉ፤ የተቆረጠው ገጽ አይደርቅም።

እስከዚያ ጾመኛው የሉቤክ ማርዚፓን አለለት፤ አልሞንድና ስኳር ነው። «የሉቤክ ኤደልማርዚፓን» የሚለው ቢያንስ 90 በመቶው ጥሬው የማርዚፓን ሊጥ፣ የተጨመረው ስኳር ቢበዛ 10 በመቶ ነው። ቸኮላት ከለበሰ ግን ጀርባው ይነበብ፦ «ሚልሽ» (ወተት) ወይም «ቡተርራይንፌት» (የቅቤ ስብ) ካለ ፍስክ ነው። ጥቁሩ ቸኮላትም አንዳንዴ የቅቤ ስብ አያጣም። ረከስ ያለው «ፐርሲፓን» በአልሞንድ ፈንታ ከአፕሪኮት የውስጥ ዘር ይሠራል፤ ለጾም ይሆናል፣ ጣዕሙ ግን አይደርስም።