«አንቺማ እኮ ቤተሰባችን ነሽ»

ዛሬ እረፍቴ ስለነበር ቡናዬን አፍልቼ «ናይቭስ አውት»ን አየሁት። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የሪያን ጆንሰን ፊልም ነው። ዘግይቻለሁ፣ አውቃለሁ።

ሃርላን የሚባል ሀብታም ደራሲ 85ኛ ልደቱ በተከበረበት ሌሊት ይሞታል። ልጅ፣ ምራት፣ የልጅ ልጅ፣ የሁሉም ዓይን ውርሱ ላይ ነው። የገዳይ ፍለጋው ጥሩ ነው። እኔን የያዘችኝ ግን ነርሷ ማርታ ናት። (አና ዴ አርማስ አቤት ስትችልበት!) «ቤተሰባችን ነሽ» ይሏታል። ከየት አገር እንደመጣች ግን አያውቁም። አንዱ ኢኳዶር ይላል፣ ሌላው ፓራጓይ፣ ብራዚል ያለም አለ። ቀብሩ ላይ እንኳን አልጠሯትም። ኋላ ላይ «እኔማ እንድትመጪ ፈልጌ ነበር፣ ሌሎቹ ናቸው እንቢ ያሉት» ይሏታል፣ በየተራ።

አንዷን ትዕይንት መልሼ አየኋት። አማቹ ሪቻርድ ስለ ስደተኞች እየተከራከረ ማርታን ይጠራታል። ወሬውን ሳያቋርጥ የበላበትን ሳህን ያቀብላታል። በቃ። ማንም ምንም አይልም። እዚህ ዲሲ አካባቢ የሰው ሽማግሌና አሮጊት እየተንከባከብን የምንኖር ሐበሾች ያቺን ሳህን በደንብ እናውቃታለን።

ኑዛዜው ሲነበብስ? (ያላያችሁ እዚህ ጋ ዝለሉ።) ሁሉም ነገር ለማርታ! ቤተሰብነቷ እዚያው አበቃ። እርስ በርስ ሲናከሱ የከረሙት በአንዴ አንድ ሆኑባት። ልጁ ዋልት ጭራሽ እናቷ ወረቀት እንደሌላት አንስቶ ሊያስፈራራት ይሞክራል። ከፊልሙ ሁሉ ያናደደኝ እሱ ነው።

ሁለተኛውን ክፍል ያያችሁ፣ ልየው ወይስ ይቅርብኝ?