በነጠብጣብ የተሰመረው ወጥ ቤት

ኅዳር 2016

ዛሬ ግንበኞቹ በጊዜ ወጡ። ሲሚንቶ አልቆ ነው። ግቢው ጸጥ ሲል፣ ከሁለት ዓመት በላይ ያመላለሰንን የዚህን ቤት ነገር ልጻፈው አልኩ። ግንቡ ካለቀ በኋላ እንደምረሳው አውቃለሁ።

የተጀመረው ሐምሌ 2013፣ ሌሊት ላይ ነው። እማዬ ወደ ሽንት ቤት ስትሄድ አዳለጣት። ግቢያችን እንደ ብዙዎቹ የአዲስ አበባ የድሮ ግቢዎች ነው። ዋናው ቤት ከፊት፣ ወጥ ቤቱና ሽንት ቤቱ ከኋላ፣ በመሀል 12 እርምጃ። በበጋ 12 ነው። በሐምሌ ሌሊት፣ በአንድ እጅ ጃንጥላ በሌላው ባትሪ ይዞ፣ በ76 ዓመት ጉልበት ስንት እንደሚሆን እንጃ። ተመስገን፣ አጥንት አልተነካም። ጠዋት ጭቃ የበላውን ነጠላዋን እያጠበች «ምን ሆንኩና» ስትለኝ ግን ቆረጥኩ። መታጠቢያው እዚያው ውስጡ ያለ አንድ መኝታ ቤት፣ ከዋናው ቤት ጋር ተያይዞ ይሠራላታል።

ቀላል መስሎኝ ነበር። ከልጄ የሒሳብ ደብተር አንድ ገጽ ገንጥዬ፣ አንዷን ካሬ ግማሽ ሜትር ብዬ፣ ክፍሉን ከሳሎኑ ኋላ ለጠፍኩት። ያምራል። ፎቶ አንስቼ ቨርጂኒያ ላለው ወንድሜ ላክሁለት። «እግረ መንገዳችሁን ጂ ፕላስ ዋን አታደርጉትም?» አለኝ። ውጭ ያለ ሰው አገር ቤት ስለ መሥራት ሲያስብ ሁሌም ፎቅ ነው የሚታየው። እማዬን ደረጃውን ማን እንደሚያወጣት ግን አልነገረኝም።

አርክቴክቷን ያገኘኋት በመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ በኩል ነው። ልጅ እግር ናት። ላፕቶፕ ዘርግታ ትሠራለች ብዬ ጠረጴዛውን አጽድቼ ጠበቅኋት። ጠረጴዛው ጋ አልደረሰችም። «እማማ፣ ሌሊት ሲነሱ በየት በየት ነው የሚሄዱት? እስቲ ያሳዩኝ» አለቻት። እማዬ በጠራራ ፀሐይ ሌሊት ሆነችላት። ከአልጋዋ ተነሳች፤ ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰች፤ ቡፌውን ያዘች፤ ወንበሩን ያዘች፤ የበሩን መቃን ያዘች። ልጅቷ ከኋላዋ እየተከተለች ትጽፋለች። እናቴ ቤት ውስጥ ስትንቀሳቀስ ምንም ሳትይዝ እንደማትራመድ ያን ቀን ነው ያየሁት። አብሬያት ነው የምኖረው እንግዲህ።

ከዚያ የኔን ሥዕል አሳየኋት። «ጥሩ ነው» አለች፣ ሰው ጥሩ ያልሆነ ነገር ሲያሳዩት በሚለው ድምፅ። «ግን ሳሎኑን ጨለማ ያደርጉታል። የኋላው መስኮት ይደፈናል።» እውነቷን ነው። ያንን መስኮት ረስቼዋለሁ። በደብተሩ ላይ መስኮት አልሣልኩም ነበር። እሷ እንደምትለው ክፍሉ መምጣት ያለበት ወጥ ቤቱ ባለበት ጎን ነው። ወጥ ቤቱ ተነስቶ፣ አዲሱ ወጥ ቤት ወደ ዋናው ቤት ይጠጋል። የሳሎኑ ብርሃንም አይነካም፣ የእማዬም መንገድ በጣሪያ ሥር ይሆናል።

«ወጥ ቤቱማ አይነካም» አልኩ።

ወጥ ቤቱን አባዬ ነው የሠራው፣ በ1979። የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ማገር፣ ጭቃ፣ ከላይ ቆርቆሮ። እኔ 5 ዓመቴ ነበር። ጭቃውን ከጭድ ጋር ለማቡካት የሰፈሩ ልጅ በሙሉ ተጠርቶ ገባበት፤ እኔም እስከ ጉልበቴ። ከዚያ ተሸፍኖ ሰነበተ። ግቢው ሁሉ ሸተተ። እማዬ ስታማርር አባዬ «ያልሸተተ ጭቃ ግድግዳ አይሆንም» ይላታል። ይሄው ግድግዳው ከ30 ክረምት በላይ ችሏል። ውስጡ በጭስ ጠቁሮ እንደ ሬንጅ ያበራል። አክንባሎው የሚንጠለጠልባት ምስማር እንኳ ያው የድሮዋ ናት።

አርክቴክቷ አልተከራከረችኝም። «ይሁን፣ ለማንኛውም ልለካው» አለች። በር በኩል ያለው ግድግዳ 3 ሜትር ከ12። ትይዩው 2 ሜትር ከ85። ሁለቴ ለካችው። «አባትዎ ማዕዘን አይወዱም ነበር እንዴ?» አለችኝ እየሳቀች። እማዬ ከውጭ ሰማቻት። «እዚያ ጥግ ኮክ ነበር» አለች። «ዛፉን አልቆርጥም ብሎ ግድግዳውን አጠመመው። ኮኩ በዓመቱ ደረቀ።»

ይሄንን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም። ኮኩንም አላስታውሰውም።

ወደ ወረቀቱ ልምጣ። ካርታው በአባዬ ስም ነው፣ አባዬ ደግሞ ካረፈ 9 ዓመቱ። በሞተ ሰው ስም ባለ ካርታ የግንባታ ፈቃድ አይጠየቅም። ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ፣ ከዚያ የስም ዝውውር። የወንድሜ ውክልና ዋሽንግተን ካለው ኤምባሲ ተነስቶ፣ እዚህ ውጭ ጉዳይ ተረጋግጦ፣ ውልና ማስረጃ ገብቶ። ይሄ ብቻውን 7 ወር ወሰደ። አልዘረዝረውም። ያለፈበት ያውቀዋል፣ ያላለፈበት አያምነኝም።

ከስም ዝውውሩ በኋላ ነው የግንባታው ጉዳይ የጀመረው። አርክቴክቷ የሕንፃ አዋጁን፣ ቁጥር 624/2001ን፣ አትማ አመጣችልኝ። አዋጁ ሕንፃዎችን በሦስት ይከፍላቸዋል። ሕዝብ የሚገለገልበት፣ ፋብሪካ፣ ወይም ቁመቱ ከ12 ሜትር የሚበልጥ ከሆነ ምድብ «ሐ» ነው። እንደኛ ያለ ምድር ላይ ያለ የግል መኖሪያ ቤት ምድብ «ሀ» ነው፣ የመጀመሪያውና ቀላሉ። ቀላል የሚለው ቃል ደስ ብሎኝ ነበር። «የፕላን ስምምነት ማለት እዚህ ቦታ ላይ ምን መሥራት ይቻላል ብለሽ የምትጠይቂበት ነው» አለችኝ፤ ያኔ አንቺ መባባል ጀምረናል። «የግንባታ ፈቃድ ደግሞ በቃ ይሄን ልሥራ የምትይበት።» እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌ «ማዘጋጃ» ነበር የምለው።

ጎረቤት ሁሉ ግን የሚጠይቀኝ ሌላ ነገር ነው። «መንገድ ይነካችኋል ወይ?» በዚህ ከተማ ግድግዳ ቀለም የሚቀባ ሰው እንኳ ይሄ ጥያቄ ሆዱ ውስጥ አለ። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ እኛ ያለን ይዞታ ነው። እማዬ ይሄን ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አይደለም የተማረችው። በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ አዲስ ሙሽራ ነበረች። እኛ አንድ ቤት ብቻ ስለነበረን ተረፍን። የጎረቤታችን የኋላ ክፍሎች የቀበሌ ቤት ሆኑ። ዛሬም ናቸው። ከእኛ ወጥ ቤት ጋር የሚዋሰነው አጥር የእነሱ ነው። ስለዚህ የፕላን መረጃውን ለማምጣት በሄድኩበት ቀን እማዬ ቡና አላፈላችም። ስልኳን ይዛ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች።

መንገድ አልነካንም። የነካን ሌላ ነገር ነው።

ባለሙያው ወጣት ነው፣ ጨዋ። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረልኝና ግቢያችንን ከላይ አሳየኝ። ቤታችንን ከሰማይ አይቼው አላውቅም፤ ቆርቆሮው ምን ያህል እንደዛገ ገረመኝ። ከዚያ ፋይሉን ገለጠ። «እዚህ ላይ ያለው አንድ ቤት ነው» አለ። «ይሄ ከኋላ የሚታየው ሰርቪስ ምንድነው?» ወጥ ቤት ነው አልኩት። «ፈቃድ አለው?» በ1979 አባዬ የሰፈሩን ልጅ ሰብስቦ ጭቃ ሲያስረግጥ ማንን ፈቃድ እንደጠየቀ ልነግረው ፈለግሁ። ዝም አልኩ። «በወረቀት የለም» አለኝ፣ እንደ ሐኪም ለስለስ ብሎ። ሕጋዊ ይደረግ ካልን ራሱን የቻለ ሌላ ፋይል ይከፈታል። ወይም በማስፋፊያው ፕላን ላይ እንደሚፈርስ ይታይ።

ከቢሮው ስወጣ በሩ ላይ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ ጠበቀኝ። ፊቴን አይቶ ነው መሰለኝ። «እህቴ፣ እኔ ጨርሼልሽ ልምጣ?» ጥሩ ሰው ስለሆንኩ አይደለም እምቢ ያልኩት። ዋናውን ካርታ በእጄ ስጪኝ ስላለኝ ነው።

ያን ማታ ለወንድሜ ደወልኩ። ስለ ጂ ፕላስ ዋን ረስቶታል። «የአባዬን ወጥ ቤትማ አታፍርሱት» አለ፣ ድምፁ ወፍሮ። 15 ዓመት አልገባበትም እኮ። ለመቆጣት አፌን ስከፍት የራሴ ቃል መሆኑ ትዝ አለኝ። እማዬ ስልኩን ከእጄ ወሰደች።

«ስማ ልጄ» አለችው። «አባትህ ያንን ሲሠራ ለጊዜው ነው ብሎኝ ነው። ብሎኬት እስክንገዛ። ስንት ዓመት በጭስ ዓይኔ ሲያለቅስ አንተ የት ነበርክ?»

ወንድሜ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ለካ እኛ ቅርስ የምንለው ለእሷ ጭስ ነው። ሁለታችንም ጭሱን ትተን ጭቃውን ነው የምናስታውሰው።

አርክቴክቷ ሁሉንም እንደገና ሠራችው። አሁን እንደ እማዬ አካሄድ ነው የተሣለው፦ ከአልጋው እስከ መታጠቢያው እጇ የማይደርስበት ባዶ ቦታ የለም። ደፍ የለውም። የመታጠቢያው በር ወደ ውጭ ይከፈታል፤ ሰው ውስጥ ቢወድቅ በሩን አይዘጋበትም። ለዚህች ለአንዷ በር ብቻ ክፍያዋ ይገባታል እላለሁ። ግንበኛ ብቻ ጠርቼ ቢሆን ኖሮ በሩ እንደማንኛውም በር ወደ ውስጥ ይከፈት ነበር።

ጎረቤቷ ደግሞ ነበረች። የቀበሌ ቤቷ ባለቤት... ባለቤት ማለቴ፣ የምትኖርባት። በአጥር በኩል «ቤት ልትሠሩ ነው አሉ?» ስትለኝ መስኮቱን የፈራች መስሎኝ፣ ወደ እናንተ የሚከፈት መስኮት የለም ብዬ ለመማል ቸኮልኩ። «ኧረ መስኮቱስ ይሁን» አለች። «አሸንዳ ታደርጋላችሁ ወይ?» የአባዬ ወጥ ቤት አሸንዳ የለውም። የጣሪያው ውሃ ለዓመታት የሚወርደው እሷ በር ላይ ነው። በየክረምቱ አንድ ጆንያ አሸዋ ትደለድልበታለች። አንድም ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ለአርክቴክቷ ነገርኳት። ጣሪያው ወደ እኛ ግቢ እንዲያዘነብል ገለበጠችው፤ አሸንዳውም በእኛ በኩል ሆነ። እማዬ ጎረቤቷን ቡና ጠርታ ፕላኑን ራሷ አስረዳቻት፣ ወረቀቱን ዘቅዝቃ ይዛ።

ፈቃዱ በግንቦት 2015 ወጣ። ሲሚንቶ በ2014 ኩንታሉ ከ1000 ብር ሲያልፍ ነበር በጀቴ የተቀደደው፤ ስለዚህ መኝታ ቤቱ በ60 ሳንቲ ሜትር አጠረ፣ ሴራሚኩም መታጠቢያው ላይ ብቻ ቀረ። ፎርማኑ «ክረምት እየገባ መሠረት አልቆፍርም» አለ። ለመስቀል ማግሥት ተቀጠርን። ሳይፈርስ የቀረውን አንድ ክረምት እማዬ እዚያው እንጀራ ጋገረች። ጎረቤታችንም ለመጨረሻ ጊዜ አሸዋዋን ደለደለች።

የማፍረሱ ነገር ግማሽ ቀን አልሞላም። ቆርቆሮውን ቁራሌው በሁለት ጋሪ ወሰደው። ሦስቱ ግድግዳዎች በዲጂኖ ተገፉ። ያ ጠማማው ግን አስቸገረ። ልጆቹ «ይሄንን ማነው የመረገው?» እያሉ ላባቸውን ጠረጉ። እኔ ምስማሯን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ። ምን እንደማደርግባት አላውቅም፣ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ናት።

ፕላኑ በየገጹ ማኅተም አለው። ሁለተኛው ገጽ ላይ «ነባር ሁኔታ» ይላል። ዋናው ቤት በድፍን መስመር፣ የአባዬ ወጥ ቤት በነጠብጣብ። ነጠብጣብ ማለት የሚፈርስ ማለት ነው። 3.12 እና 2.85 ተጽፎበታል። አባዬ የሠራው ነገር በመንግሥት ወረቀት ላይ ሲሰፍር ይሄ የመጀመሪያው ነው።

ባለፈው እሑድ እማዬ «ያቺን የወጥ ቤቷን ወረቀት ስጪኝ» አለች። ለግንበኞቹ ከተባዛው አንዱን ሰጠኋት። ከካርታው ጋር ሳጥኗ ውስጥ ልታስገባው ነው። ከማጠፏ በፊት መነጽሯን አድርጋ ጠማማውን ጥግ በጣቷ ፈለገችው። አገኘችው።

«እዚህ ጋ አንድ ክብ አድርጊልኝ» አለችኝ። «ኮኩ ነው።»

እርሳስ አጥቼ በእስክሪብቶ አደረግኩላት።