ወንድሜን ከአከርካሪ ቲቢ ቀዶ ጥገና በኋላ ሳስታምም የተማርኩት

ይህን የምጽፈው ለአስታማሚዎች ነው። በአከርካሪ ቲቢ እግሩ የታሰረ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ከቀዶ ጥገናው በፊትም ሆነ በኋላ ብዙው ሥራ እናንተ ላይ ነው የሚወድቀው።

ታናሽ ወንድሜ ግንበኛ ነው። ጀርባውን ሲያመው ሁላችንም የሥራ ድካም መሰለን፤ ጎረቤትም “ብርድ ነው” አለ። ወጌሻ ይሽው የሚልም አልጠፋም። እማዬ “አይነካም!” ብላ ድርቅ ማለቷ በጀን፤ በቲቢ የተበላ አጥንት ሲታሽ ጭራሽ ሊፈርስ ይችላል። ሕመሙ ተኝቶም አይለቀው፣ ሌሊት ያልበዋል፣ ልብሱ ሁሉ ሰፋው። ከዚያ እግሩ መክበድ ጀመረ፤ ነጠላ ጫማው ወልቆ ወደ ኋላ ሲቀር አይታወቀውም ነበር። ጀርባውን የሚያመው ሰው እግሩ ከደከመ ወይም ሽንቱ እንቢ ካለው ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፣ የዚያኑ ዕለት ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ኤምአርአይ ሲነሳ 8ኛውና 9ኛው የደረት አከርካሪ ተበልቷል፤ መግሉ ወደ ኋላ ገፍቶ ሕብለ ሰረሰሩን ተጭኖታል። ያኔ ከእምብርቱ በታች ብትነካው አያውቅም። የአከርካሪ ቲቢ ሁሉ ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም፣ ብዙ ሰው በኪኒን ብቻ ይድናል። እግር ሲሰንፍ፣ አጥንቱ ሲፈርስ፣ ጉብጥናው ሲብስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በተለይ ልጆች ላይ ጉብጥናው ከዕድገታቸው ጋር እየባሰ ሊሄድ ይችላል። ዶክተር ሪክ ሆድስ አዲስ አበባ ሆነው ጀርባቸው የጎበጠ ስንት ልጆችን ለቀዶ ጥገና ጋና ድረስ እንደላኩ የሰማ ሰው ይህን ያውቀዋል።

“ዶክተር፣ እሄዳለሁ?” አላቸው ወንድሜ ቀዶ ጥገናውን የሚሠሩለትን ሐኪም።

“ነርቭህን የተጫነውን እኔ አነሳልሃለሁ። ቲቢውን የሚገድለው ግን ኪኒኑ ነው፣ እሱን እንዳታቋርጥ” አሉት። ቃል አልገቡለትም፣ ተስፋም አላስቆረጡትም። ለዚህ ነው ያመንናቸው።

ደም አዘጋጁ ተባልን፣ አከርካሪው የሚታሰርበትን ብሎንም ከሆስፒታሉ ውጭ ግዙ ተባልን። የእማዬ ዕቁብተኞች ዕጣውን አስቀድመው ባይሰጡን ኖሮ እንጃ። ቲቢ ያለበት ቦታ ላይ ብረት መግባቱ እኔን አስፈርቶኝ ነበር። ስጠይቅ የቲቢ ባክቴሪያ እንደ ሌሎቹ ብረት ላይ አጥብቆ እንደማይጣበቅ፣ መድኃኒቱ እስከተወሰደ ድረስ ችግር እንደማያመጣ አስረዱኝ። በጀርባው በኩል ከፍተው መግሉን አወጡ፣ የሞተውን አጥንት ጠረጉ፣ በብሎንና በዘንግ አሰሩት። ከወጣው ናሙና ላይ ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ምርመራ መሠራቱን ጠይቁ፤ ቲቢው ዋናውን መድኃኒት ሪፋምፒሲንን የተላመደ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው በዚያ ነው።

ከዚያ የኔ ሥራ መጣ። ስሜት የሌለው ሰው አልጋው ሲቆረቁረው አያውቅም፤ ቆዳው ሳይሰማው ይሞታል። ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ እናገላብጠው ነበር። አንድ ሰው ትከሻውን፣ አንዱ ዳሌውን፣ አንዱ እግሩን ይይዝና ወገቡ ሳይጠማዘዝ በአንድ ቃል እኩል ይዞራል። ተረከዙ ፍራሽ እንዳይነካ ትራሱ ከባቱ ሥር ይገባል። ስናዞረው መቀመጫውን፣ ዳሌውን፣ ቁርጭምጭሚቱን አያለሁ፤ የቀላ ካለ በጣቴ እጫነዋለሁ። ስለቀው ነጣ ብሎ ከተመለሰ ደህና ነው። ካልነጣ ቁስል ሊጀምር ነው፣ በዚያ ጎኑ አይተኛም። ይህን ነርስ ያሳየችኝ አንዴ ነው፣ ከዚያ በኋላ እጄ ለመደው። የአልጋ ቁስል ወንድሜን አልነካውም፣ በዚህ እኮራለሁ።

እግሩ ሌሊት በራሱ ሲፈናጠር እማዬ “ዳነልኝ!” ብላ እልል ልትል ነበር። ፊዚዮቴራፒስቷ ግን የነርቩ ትእዛዝ ሲቋረጥ ጡንቻ እንዲህ እንደሚሆን ነገረችን። የሚጠበቀው እሱ ሲፈልግ የሚንቀሳቀስ ጣት ነው፤ እሱም መጣ፣ መጀመሪያ የግራ አውራ ጣቱ። እስኪመጣ ድረስ ቁርጭምጭሚቱንና ጉልበቱን እኛ እያጠፍን እየዘረጋን መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ እንጠብቅ ነበር።

ኪኒኑ በየጤና ጣቢያው በነፃ ይሰጣል። እሱ ለ2 ወር አራት ዓይነት፣ ከዚያ ለ10 ወር ሁለት ዓይነት ወሰደ። ሽንት ብርቱካንማ ቢሆን አትደንግጡ፣ ከሪፋምፒሲኑ ነው። ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ዕይታ ከደበዘዘ ግን ቶሎ ጤና ጣቢያ። ፈተናው የመጣው ሲሻለው ነው፣ “አሁንማ ድኛለሁ እትዬ፣ ይበቃኛል” ማለት ጀመረ። እኔ አልሰማሁትም። ጠበል ይሂድ ላሉት ዘመዶችም “ይሂድ፣ ኪኒኑንም ይዞ ይሂድ” አልኳቸው፤ የሄደበት ቦታ ያሉት አባትም መድኃኒትህን እንዳታቋርጥ ብለው መክረውታል።

ጎረቤት ይይዘናል ብሎ ኩባያ መለየት ጀምሮ ነበር። አከርካሪ ላይ ያለ ቲቢ በትንፋሽ አይተላለፍም፣ የሚያስተላልፈው የሳንባው ነው፤ በዕቃማ እሱም አይተላለፍም። የወንድሜ ሳንባ ተመርምሮ ነፃ ነበር፣ ይህንኑ ለቡና የመጡትን ሰብስቤ ነገርኳቸው።

ዛሬ ያለ ምርኩዝ ይሄዳል። ሽንቱን መቆጣጠር የቻለው ከመራመዱም ዘግይቶ ነው። ቀኝ እግሩ አሁንም ግትር ይላል፣ ደረጃ ሲወርድ መደገፊያ ይይዛል። ሲሚንቶ መሸከም ቀርቶበት አንድ ሕንፃ ላይ ዕቃ ግምጃ ቤት ይሠራል፣ በቀጠሮው እየሄደም ራጅ ይነሳል።