የጋሼ ስም ከፍላየሩ ላይ ሲነሳ

የምንሠራው ዋሽንግተን አካባቢ ባለ አንድ የፌደራል መሥሪያ ቤት ነው። ሐበሻ አናጣም። ከሁላችን ታላቅ የሆኑት ጋሼ በከተማው የታወቁ መድረክ መሪ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ሲገዛ፣ የታመመ ሲኖር፣ አስከሬን አገር ቤት ሲላክ ማይኩ የሚሰጠው ለእሳቸው ነው። "አንድ ሺህ ያለ!" ብለው ከጀመሩ ኪሱን ሳይዳብስ የሚወጣ የለም።

በምርጫው ሰሞን አንድ የምናውቀው ልጅ በፓርቲ እጩነት ለስቴት ምክር ቤት ተወዳደረ። ጋሼ ምሳ ሰዓት ላይ የመመገቢያው ክፍል ቁጭ ብለው ፍላየሩን በቴሌግራም ላኩልን። የእጩው ፎቶ፣ የምግብ ቤቱ አድራሻ፣ ከታች የመክፈያ ሊንክ። "ጋባዦች" ከሚለው ሥር የመጀመሪያው ስም የእሳቸው ነው፤ ከነሥራ ማዕረጋቸው፣ ከነመሥሪያ ቤቱ ስም።

አብራን የምትሠራው ልጅ ስልኳን አየችና "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሃች አክትን ይጥሳል" አለች።

"ስልኩ የኔ ነው፤ ደግሞም ምሳ ላይ ነኝ" አሉ።

የፌደራል ሠራተኞችን የፖለቲካ ተሳትፎ የሚገድበው ይህ ሕግ ግን የስልኩን ባለቤት አይጠይቅም። በሥራ ሰዓት ወይም የፌደራል ሕንፃ ውስጥ ሆኖ ለፓርቲ እጩ መቀስቀስ ክልክል ነው። ምሳ ላይ ቢሆኑም ሕንፃው ያው ሕንፃ ነው። ቤት ሆነው ሲሠሩም ሰዓቱ የመንግሥት ነው። የመዋጮው ነገር ደግሞ ይብሳል፤ ለፓርቲ እጩ ገንዘብ መጠየቅ እሁድ ማታ በገዛ ሳሎን እንኳ አይፈቀድም። አጥፊው ከተግሣጽ እስከ መባረር ሊደርስበት ይችላል፤ እስከ 5 ዓመት ከፌደራል ሥራ መታገድም አለ።

ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። ያመጡት የኒው ሜክሲኮው ሴናተር ካርል ሃች ናቸው። በ1938ቱ ምርጫ፣ በተለይ ኬንታኪ ውስጥ፣ በመንግሥት የእርዳታ ሥራ የተቀጠሩ ድሆች ለእጩ ድምፅ ስጡ፣ ገንዘብ አዋጡ እየተባሉ ይገደዳሉ የሚል ክስ በዝቶ ነበር። በመሥሪያ ቤት አውቶቡስ ተጭኖ ለሰልፍ የወጣ ሰው ይሄ ብዙም ማብራሪያ አያሻውም።

"ታዲያ እኔ ዜጋ አይደለሁም?" ብለው ጋሼ ተቆጡ። ተቆጥተውም የመሥሪያ ቤቱ የሥነ ምግባር ጠበቃ ዘንድ ደወሉ። ሴትየዋ ፍላየሩን አሁኑኑ ያጥፉት፣ ስምዎንም ያስነሱ አለቻቸው። ከዚያ የሚቻለውን ዘረዘረችላቸው። ዝግጅቱ ላይ መገኘት፣ ከኪስ መስጠት፣ "አዋጡ" እስካላሉ ድረስ ንግግር ማድረግም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1993 ሕጉ ከላላ ወዲህ ቅዳሜ ቤት ለቤት እየዞሩ መቀስቀስ እንኳ ተፈቅዷል፤ እንደ ኤፍቢአይ ያሉት ላይ ግን አሁንም ጥብቅ ነው። ብዙ ሐበሻ ባልደረቦቼ "ፖለቲካ ክልክል ነው" ብለው ግቢያቸው ላይ የእጩ ምልክት ለመትከል ይፈራሉ። ያናድደኛል። ሕጉ ያን ያህል አልጠየቀም።

የጋሼ ስም ወጥቶ የባለቤታቸው ገባ። ባለቤታቸው የፌደራል ሠራተኛ አይደሉም፤ የራሳቸው ሱቅ ነው ያላቸው፤ ስለዚህ ሕጉ አይነካቸውም። በዝግጅቱ ዕለት ጋሼ ክትፏቸውን በሉ፣ ስለ ልጁ ጥሩ ተናገሩ። መዋጮው ሲጀመር ማይኩን ለሌላ ሰው አስረከቡ። ሰውየው ጀማሪ ነው፤ ከሃምሳ ዶላር ጀመረ። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ሲቁነጠነጡ እያየን በሳቅ ፈረስን።

ልጅቷ በኋላ ለራሷም ጠበቃዋን ጠየቀች፤ ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው አሌክሳንድሪያ ስለምትኖር ለከተማው ምክር ቤት መወዳደር ትችል እንደሆነ። በፓርቲ ስም ከሆነ ሥራ መልቀቅ ግድ ነው። ነገር ግን አሌክሳንድሪያን፣ አርሊንግተንን፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲን ለመሳሰሉ የፌደራል ሠራተኛ ለበዛባቸው ቦታዎች ልዩ ፈቃድ አለ። እዚያ የሚኖር ሠራተኛ ለአካባቢ ምርጫ በግል መወዳደር ይችላል። ለግል እጩም ከሥራ ሰዓት ውጪ መዋጮ መጠየቅ ይፈቀድለታል።

ጋሼም የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ ናቸው። ይሄን ሲሰሙ ማንኪያቸውን አስቀመጡና "መቼ ነው የምትመዘገቢው?" አሏት።