ነፋሱን ያቆምኩት በበግ ጸጉር ነው

ባለፈው ቅዳሜ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮዬን ለቪዲዮ ክበባችን ልጆች አሳየሁ። ስለ አንድ የባና፣ ማለትም ከበግ ጸጉር የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ሸማኔ ነው። መንዝ ውስጥ ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ባለ መንደር፣ ደጅ ላይ፣ ነፋስ እየነፈሰ የተቀረጸ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ «ድምፁ ስቱዲዮ ነው እንዴ የተቀዳው?» አለችኝ። ከደስታዬ የተነሳ መልሱ ጠፋኝ። ስምንት ወር የለፋሁት ይህን ለመስማት ነበር።

መጀመሪያውን ቶሎ ልለፈው። መስከረም ላይ በስልኬ ጀመርኩ። የሾቶቹ፣ ማለትም የቀረጻ ዓይነቶቹ፣ ስም በአንድ ሳምንት ይያዛል። ሰፊ ሾት የት እንዳለን ያሳያል፣ መካከለኛው ሰውዬው ምን እንደሚሠራ፣ ክሎዝ አፕ ፊቱንና እጁን። ካሜራው በቆመበት ወደ ጎን ሲዞር ፓን ነው፣ ሽቅብና ቁልቁል ሲያይ ቲልት። ሰው እያወራ በመሃል የምናስገባው የእጅ፣ የዕቃ፣ የመንገድ ምስል ቢ ሮል ይባላል። ዙምን ግን ተዉት። ሰውዬው ከራቃችሁ በእግራችሁ ቅረቡት።

ማታ ስትቀርጹ ጥቁር መስመር ስክሪኑ ላይ የሚሄድባችሁ ካላችሁ አምፖሉን አትቀይሩ። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ዙር) ስለሆነ ብዙው አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ስልኬ በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ በ1/60 ሸተር (እያንዳንዱ ምስል ለ1/60 ሰከንድ ብርሃን እያገኘ) ይቀርጽ ነበር። ሁለቱ አይገጥሙም። ወደ 25 ፍሬምና 1/50 ሳመጣው መስመሩ ጠፋ።

ብርዱም አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። የኅዳር ጠዋት ውርጭ የባትሪ ጉልበት ይበላል። ትርፍ ባትሪ ከውስጥ ኪስ፣ ገላ አጠገብ ይቀመጥ። ከውጭ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቡ ደግሞ ሌንሱ ጉም ይለብሳል። ካሜራውን ከቦርሳው ሳታወጡ ትንሽ ጠብቁ።

አሁን ወደ ነፋሱ።

ጥር ላይ ሸማኔው አባባ ዘንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሄድኩ። ኮሌታ ላይ የምትሰካ ትንሽ ማይክ ይዣለሁ። መንገድ ላይ ጣርማ በር ስንደርስ ነፋሱ የመኪናውን በር አላስከፍት ብሎን ነበር። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። አባባ በርኖሳቸውን ደርበው ደጅ ላይ ተቀምጠው አርባ ደቂቃ አወሩኝ። ሽመናውን ማን እንዳስተማራቸው፣ የመጀመሪያ ባናቸውን ለማን እንደሸጡ፣ አሁን ልጆቻቸው ለምን እንደማይሸምኑ። ጆሮ ማዳመጫ አላደረግኩም። ማታ ቤት ገብቼ ስከፍተው ግርርር የሚል ብቻ ነው የሚሰማው። ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ያን ሁሉ ጨዋታ ነፋስ በላው።

ኤዲቲንግ ላይ አድነዋለሁ ብዬ ሁለት ሳምንት ታገልኩ። የነፋስ ጉርምርምታ ወፍራሙ ድምፅ ላይ ስለሚበዛ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን መቁረጥ ይረዳል። ጉርምርምታው አልጠፋ ሲለኝ እየጨመርኩ 200 ደረስኩ። ያኔ የአባባ ድምፅ እንደ ቆርቆሮ ቀጠነ። ከዚያ የባሰው ደግሞ ነፋሱ ማይኩን ሲመታ ድምፁ ማይኩ ከሚችለው በላይ ሆኖ ጫፉ ተቆርጧል። ጫፉ የተቆረጠ ድምፅ እንደነበረ አይመለስም። «ኤዲቲንግ ላይ ይስተካከላል» የሚላችሁን ሰው አትስሙት። ምስል ትንሽ ቢጨልም ሰው ያያል። ድምፁ ካልተሰማ ግን ወዲያው ያልፋችኋል።

ከማይኩ ጋር የሚመጣው ጥቁር ስፖንጅ ለነፋስ አይሆንም። እሱ ትንፋሽ ነው የሚያቆመው፤ «ፐ» እና «ጰ» ስንል የሚወጣውን። ለውጭ ነፋስ ፀጉራም መሸፈኛ ያስፈልጋል። ነፋስ የማይኩን ደረቅ አካል ሲመታ ይናወጣል፣ የሚያጉረመርመው ያ መናወጥ ነው። ጸጉር ግን ነፋሱን ከማይኩ ሳይደርስ ቀስ በቀስ ያደክመዋል። ድምፅ ደግሞ በጸጉሩ መሃል ያልፋል። ከተማችን ሱቅ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ታዲያ የበግ አገር እየኖርኩ ጸጉር ምን ሊቸግረኝ ብዬ ከአሮጌ አጎዛ ላይ ቁራጭ ቆርጬ እንደ ቆብ ሰፋሁለት።

ነፋሱ ጭጭ አለ። ንግግሩ ግን በብርድ ልብስ ውስጥ እንደሚያወራ ሰው ሆነ። «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ጸ» ጠፉ። ብዙ ቀን ግራ ገብቶኝ ቆየሁ። ማይኩ የተበላሸ መስሎኝ ሌላ ልገዛም አስቤ ነበር።

መጋቢት ላይ ተመልሼ አባባን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «እንኳን ሁለቴ፣ ሦስቴም አወራለሁ» አሉኝ። ባለቤታቸው እማማ የሰፋሁትን ቆብ እጃቸው ላይ አገላበጡት።

«ልጄ፣ ቆዳውን ለምን ተውከው? ቆዳ አፍን ያፍናል እኮ» አሉኝ።

ነገሩ ያኔ በራልኝ። ቀጭኑን ድምፅ የያዘው ቆዳው ነው። እማማ የታጠበ የበግ ጸጉር አምጥተው በጣታቸው ፈለቀቁት፣ ደመና መሰለ። ከአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ቀደዱልኝ። ነጠላ ስስ ነው፣ ወደ ብርሃን ስታነሱት ማዶው ይታያል። ስፖንጁን በነጠላው አለበስነው፣ ጸጉሩን በትንሽ በትንሹ ነጠላው ላይ በመርፌ ያዝነው። የእንቁላል ያህል ሆነ። አጥብቆ መጠቅጠቅ አያስፈልግም። ጸጉሩ ከተጠቀጠቀ ነፋሱ እንደ ግድግዳ ይመታዋል።

ማይኩን ከአባባ አገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጌ ሰካሁት። ጆሮ ማዳመጫዬን አደረግኩ። የድምፁን ከፍታ በዛ ሲል ከዜሮ (ጫፉ ከሚቆረጥበት ልክ) በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲሆን አስተካከልኩ፤ ድንገት ቢስቁ ቦታ እንዲኖረው ነው። አባባ ማውራት ጀመሩ። በርኖሳቸው ይርገበገባል፣ ከኋላ ያለው ሣር ተኝቷል፣ ጆሮዬ ውስጥ ግን የሳቸውና የሽመና መወርወሪያቸው ድምፅ ብቻ። «ጸጉር» ሲሉ «ጸ»ዋ ጥርት ብላ ተሰማች። ሲጨርሱ ማዳመጫውን ሰጠኋቸው። የመወርወሪያውን ድምፅ ሲሰሙ እጃቸውን አነሱና «ይቺ የኔ ናት» አሉ።

ሥራውን ለምትጠይቁኝ ልጆች የምለው አለኝ። ክበባችን ውስጥ ሁሉም ካሜራማን ወይም ዳይሬክተር መሆን ይፈልጋል። ኤዲተር መሆን የሚፈልጉ ሁለት ናቸው። ድምፅ የሚል አንድም የለም። እኔ በበኩሌ ከድምፅ ጀምሩ እላለሁ። እዚህ አካባቢ ለጀማሪ በብዛት የሚገኘው ሥራ ሰርግና ምርቃት ነው። ሰርግ ላይ ሽማግሌዎች ሲመርቁ ጥርት አድርጎ የሚቀዳ ልጅ ሥራ አያጣም። የአባት ምርቃት በነፋስ ተበልቶ ሲገኝ ቤተሰቡ እንዴት እንደሚያዝን አይቻለሁ። የቀረጽኩት እኔ ነበርኩ፣ የካቲት ላይ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ገና ሰሞን ያጠራቀምኩትን ብር ጊምባል (ካሜራ እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዝ መያዣ) ገዝቼበት ነበር። ያኔ ደህና ማይክና ማዳመጫ ቢሆን ኖሮ ያ ምርቃት ይተርፍ ነበር። አሁንም አንድ ነገር እየረሳሁ ነው። ንግግሩ ሲያልቅ ማንም ሳያወራ የቦታውን ድምፅ ለአንድ ደቂቃ መቅዳት ያስፈልጋል፤ ኤዲቲንግ ላይ ክፍተት ይሞላል። ይኸው የአባባ ቪዲዮ ላይም ረስቼዋለሁ። 2ኛው ደቂቃ ላይ ድምፁ ድንገት ጸጥ የሚልባት ቦታ አለች፣ በደንብ የሚያዳምጥ ያገኛታል።

ክረምቱ ሳይገባ ጓሳ ልሄድ ነው፣ ጭላዳዎቹን ልቀርጽ። ጭላዳ ኮሌታ ላይ ማይክ አይሰካም። ስለዚህ ከርቀት የሚቀዳ ረጅም ማይክ ተውሻለሁ። እማማ ተጨማሪ ጸጉር አስቀምጠውልኛል። ማይኩ እንደ ክንድ የረዘመ ስለሆነ ነጠላው ማይኩ ላይ እንዳይለጠፍ በመሃል ክፍተት የሚይዝ ቀላል ነገር እፈልጋለሁ። ቀጭን ሽቦ ሞከርኩ፣ ሲነካ ይጮኻል። ሸምበቆ ሰንጥቆ የሞከረ ካለ ይንገረኝ።